ከኮተቤ ጫፍ ሆኜ ስለ ቱሪዝም

ስለ አዲስ አበባ ቱሪዝም በተነሳ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ሆቴል አልጋና ወደ ስልክ መተግበሪያ ይሄዳል። ስንት ክፍል ተሠራ፣ የትኛው ባለ ኮከብ ሆቴል ተመረቀ፣ የትኛው መተግበሪያ በስንት ቋንቋ ይናገራል። እኔ የምኖረው ኮተቤ ጫፍ፣ ከካራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እንጀራዬ ሚኒባስ መንዳት ሲሆን፣ ቅዳሜና እሁድ ከከተማው ወጣ ማለት የሚፈልጉ ቤተሰቦችን ወደ እንጦጦ፣ ወደ መልካ ቁንጡሬ፣ ወደ ጢያ አደርሳለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የአገር ልጆች ናቸው፤ ከአሜሪካ የመጣ ወንድማቸውን የሚያስጎበኙ፣ ለሠርግ የመጡ ዘመዶቻቸውን የሚያዝናኑ፣ ልጆቻቸውን ከቴሌቪዥን ፊት ለማስነሳት የቆረጡ። ስለ መተግበሪያ የጠየቀኝ ተሳፋሪ ትዝ አይለኝም። የሚጠይቁኝ "ሽንት ቤት አለ?"፣ "እናቴ መውጣት ይችላሉ?"፣ "ዛሬ ክፍት ነው?" እያሉ ነው።

በልበ ሙሉነት "አዎ" የምልበት ቦታ ጥቂት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በብልህ ቱሪዝም ለተሻሉ ከተሞች ሽልማት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሄልሲንኪና ሊዮን፣ በ2020 ጎተንበርግና ማላጋ፣ በ2024 ደብሊን አሸንፈዋል። ከተሞቹ የሚመዘኑት በተደራሽነት፣ በዘላቂነት፣ በዲጂታል አሠራር፣ እንዲሁም በባህል ቅርስና በፈጠራ ሥራ ነው። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ ዲጂታሉ ከአራቱ አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ስለ እሱ ብቻ ሲወራ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰቡ ይመስላል።

ተደራሽነትን ከድንጋይ ልጀምር፤ ድንጋይ አውቃለሁና። ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ዘመን እንደ ብዙ እኩዮቼ ኮብልስቶን ጠርቤያለሁ። በጀርመኖች የሙያ ድጋፍ የተጀመረው ያ ሥራ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፣ የጭቃ መንገድን አስቀርቷል፤ የሚያጣጥለውን ሰው አልወድም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ይፈለጣል፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙ እየተመታ ጎኑ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። ድንጋይ በራሱ መንገድ ነው የሚሰነጠቀው፤ ጠራቢው ያሰመረለትን መስመር ሁልጊዜ አይሰማም። ስለዚህ ከስድስቱ ፊቶች አንዱ ከሌሎቹ ለጥ ያለ ይሆናል፤ ወደ ላይ መዞር ያለበት እሱ ነው። ጥሩ አንጣፊ ድንጋዩን ሲያነሳ በእጁ አንዴ አገላብጦ ያንን ፊት ያገኘዋል። የሚከፈለው በካሬ ሜትር ሆኖ የቸኮለው ደግሞ እንደመጣለት ይተክለዋል። በመጨረሻ በድንጋዮቹ መካከል አሸዋ ይሞላል፣ ይዳመጣል፣ ይመረቃል። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ አሸዋው በጎርፍ ተጠርጎ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል።

ጣት የሚያስገባ ክፍተት በጫማ ለሚሄድ ሰው ምንም አይደለም። አክስቴ እቴቴ ግን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የወንበሩ የፊት ጎማዎች ስፋታቸው ከቡና ሲኒ አፍ አይበልጥም። አንዱ ጎማ ክፍተት ውስጥ ከገባ ወንበሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ይወረወራል። መፍትሔው ወንበሩን አዙሮ በትላልቆቹ ጎማዎች ወደ ኋላ መጎተት ነው። እቴቴ በዚህ ክፉኛ ይናደዳሉ። "አንተ ልጅ፣ የመጣሁበትን እንጂ የምሄድበትን ሳላይ ልሙት?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሰው አገር ሊያይ ወጥቶ ፊቱ ወደ ቤቱ ዞሮ ከሄደ ምኑን አየው?

ብሬዳ የምትባል በደቡብ ኔዘርላንድ ያለች ከተማ ይህንኑ ችግር የፈታችበት መንገድ እንደ ጠራቢ አስደነቀኝ። የቀድሞው መሐል ከተማዋ መንገድ እንደኛው በኮብልስቶን የተነጠፈ ነው። አስፋልት አላፈሰሱበትም፤ ቅርስ ነው፣ ውበቱም ይጠፋል። ድንጋዮቹን ነቀሉ፣ በመጋዝ ቆረጧቸው፣ ከዚያ ገልብጠው የተቆረጠውን ልሙጥ ፊት ወደ ላይ አድርገው መልሰው አነጠፏቸው። ያው ድንጋይ፣ ያው ቀለም፣ ያው መንገድ፤ ጎማ ግን ያልፍበታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. የ2019ን የአውሮፓ ተደራሽ ከተማ ሽልማት ወስዳለች። እኛም ዘንድ እብነ በረድ የሚቆርጥ መጋዝ በየቦታው አለ። መንገዱን ሁሉ እንገልብጥ አልልም። በመንገዱ አንድ ጎን ሜትር ከሃያ የሚሆን ልሙጥ መተላለፊያ ቢኖር ለእቴቴ ይበቃል። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ በዘንግ የሚሄድ ዓይነ ስውር፣ ሻንጣ የሚጎትት እንግዳ፣ ውሃ በጋሪ የሚያመላልስ የሰፈር ልጅ ሁሉ በዚያው ይጠቀማል። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል፤ እቴቴ መሐል ከተማ ወርደው ፊት ለፊታቸውን እያዩ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ ሲመርቁ ውለዋል። ከዋናው ጎዳና ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ግን ወንበሩን መልሼ አዞርኩት።

ሕግ አልጎደለንም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም አገራችን በ2002 አጽድቃለች። አዋጁ ወደ ሲሚንቶ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ያየሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሎጅ ነው። በራፉ ላይ ሦስት ደረጃ አለ፤ በድምሩ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ልክ ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት ነው፤ ስለዚህ የወንበሩ መውጫ አምስት ሜትር ከአርባ መሆን ነበረበት። የተሠራው ሁለት ሜትር አይሞላም። በዚያ ላይ ወንበር ገፍቶ መውጣት ቀርቶ ሰውም ተቆናጥጦ ነው የሚወጣው። ጫፉ ላይ ደግሞ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል። ኃላፊውን ጠርቼ ባሳየው ሳይከፋው "እሱ እኮ ለፈቃድ ነው" አለኝ። እኔና ሁለት አስተናጋጆች እቴቴን ከነወንበራቸው ተሸክመን አስገባናቸው። ሁሉም ሰው ዞሮ አየ። እቴቴ ምሳውን አልቀመሱትም፤ ጾም አልነበረም።

ሁሉም ተደራሽነት ሲሚንቶና ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ጊዜ የያዝኳቸው ቤተሰቦች ከመካከላቸው አንዱ ዓይናቸውን ያጡ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። መልካ ቁንጡሬ ወሰድኳቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዋሽ ዳር ያለ፣ የሰው ልጅ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የተመላለሰበት ቦታ ነው፤ በአቅራቢያው ካለችው ባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔ ሰውየው እዚያ ምን ያገኛሉ ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ቅርሱ ያለው በመስታወት ውስጥ ነው። አስጎብኚው ወጣት ግን ለትምህርት ማሳያ የያዘውን የባልጩት ድንጋይ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። መምህሩ ቀስ ብለው አገላበጡት። በአውራ ጣታቸው የተመታውን ጠርዝ እየተከተሉ ሄዱና አንድ ቦታ ቆሙ። "እዚህ ነበር የሚይዘው" አሉ። እውነትም ጣታቸው የገባበት ቦታ እጀታው ነበር። እኔ ለዓመታት ድንጋይ የጠረብኩት ሰውዬ በመስታወት ውስጥ ስመለከተው የኖርኩትን ነገር ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው፤ የእነዚያ ሰዎች ጠርዝ አመታት ከእኛው ብዙም አይርቅም። ያ ወጣት ያወጣው ወጪ የለም። ለሌላው አስጎብኚም "የሚዳሰስ ነገር ያዝ" ተብሎ ቢነገረው የሚያስፈልገው ፈቃድና ሁለት ሦስት ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚህ አገር ትልቁ ተጓዥ ጠበልተኛውና ተሳላሚው ሆኖ ሳለ ቱሪስት ተብሎ ሲታሰብ አይታይም። እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ጻድቃኔ ማርያም፣ ቁልቢ ገብርኤል፣ ግሸን ማርያም፤ በሌላ በኩል ድሬ ሼህ ሁሴን። እነዚህ ሰዎች ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ጧፍና ጀሪካን ይገዛሉ፣ ተሽከርካሪ ይከራያሉ። ከመካከላቸው ደግሞ ሕመምተኛው፣ አዛውንቱ፣ በቃሬዛ የሚመጣው ብዙ ነው። ጠበል ቦታ ላይ መወጣጫ፣ የእጅ መደገፊያ ብረት፣ መቀመጫና ንጹሕ ሽንት ቤት ቢሠራ በአገሪቱ ትልቁ የተደራሽ ቱሪዝም ሥራ እሱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈረንጅም የሚያርፍበት ያገኛል። እኛ ግን በግልባጩ ፈረንጁን አስበን እንሠራና አገሬው እንዲላመደው እንጠብቃለን።

የኛው ሰፈር ዋሻ ሚካኤል ጥሩ ምሳሌ ነው። የካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጣሪያው ፈርሷል፣ ዛፎች ከበውታል። አዛውንቱ ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ጋር ያያይዙታል፣ አጥኚዎች ደግሞ ዕድሜውን ከዚያ በብዙ ያሳንሱታል፤ የአለቱን አቆራረጥ ላየ ግን የየትኛውም ዘመን ጠራቢ ቢሆን እጁ ያስቀናል። ላሊበላ ለመሄድ አቅምም ጊዜም የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን በግማሽ ቀን አይቶ መመለስ ይችላል። ታዲያ ስንቱ የከተማው ነዋሪ ያውቀዋል? መንገዱ ወጣ ገባና ዳገታማ ነው። በዝናብ ጊዜ የኔ ሚኒባስ አይወጣውም። እዚያ አስፋልት ተነጥፎ አውቶቡስ በሰልፍ እንዲቆም አልፈልግም፤ ቅርሱም አይችለውም። የምፈልገው ከዋናው መንገድ ጀምሮ አቅጣጫ የሚያሳዩ ምልክቶች፣ የመንገዱን ርዝመትና ዳገቱን በግልጽ የሚናገር ሰሌዳ፣ በመካከል ማረፊያ አግዳሚ ወንበር ነው። ሰው የሚጠብቀውን ካወቀ ራሱ ይወስናል። መውጣት የማይችለው አውቆ ይቀራል እንጂ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጦ አያለቅስም።

ወደ ዲጂታሉ እንምጣ፤ ጠላቱ አይደለሁም። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ የመልስ ጭቅጭቅ ከሚኒባሴ ጠፍቷል። የማልወደው ከላይ ያማረ፣ ውስጡ ግን ሰዓት የሌለው ነገር ነው። መረጃ ማለት ዛሬ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ መግቢያው ስንት ነው፣ ስንት ደረጃ አለ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ላይ የተጀመረ ዊልማፕ የሚባል ካርታ አለ። ማንም ሰው ገብቶ አንድ ቦታ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ከሆነ አረንጓዴ፣ በከፊል ከሆነ ቢጫ፣ የማይመች ከሆነ ቀይ ያደርገዋል። ነፃ ነው፣ የተሠራውም ኦፕንስትሪትማፕ በሚባል፣ ሁሉም ሰው ሊያርመው በሚችል የዓለም ካርታ ላይ ነው። ተሳፋሪ ስጠብቅ የማውቃቸውን ካፌዎች፣ ባንኮችና አብያተ ክርስቲያናት ቀለም እቀባለሁ። የእቴቴ ትዕዛዝ አለበት፤ "ቀዩን አትፍራ፣ ቀይ ካልከው ሌላው ሰው አይንከራተትም" ብለውኛል። በአንድ ክፍለ ከተማ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ክረምት ቢሰማሩ የአካባቢያቸውን ካርታ ይጨርሱታል። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ አርፎ ሰዓታትን የሚቆጥረው መንገደኛ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ለግማሽ ቀን የት ደርሼ በሰዓቱ እመለሳለሁ? ለዚህ የሚታመን መልስ ካገኘ ይወጣል፤ ካላገኘ ተርሚናል ውስጥ ወንበር ላይ ይተኛል።

ዘላቂነት የሚለው ነገር በየአገሩ መልኩ ይለያያል። ቬኒስ ሰው በዛባትና እ.ኤ.አ. በ2024 ውለው ለሚመለሱ ጎብኚዎች በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች። ባርሴሎና ለጎብኚ የሚከራዩ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አፓርታማዎችን ፈቃድ እንደማታድስና እ.ኤ.አ. በ2028 እንደሚያበቃ አስታውቃለች፤ ነዋሪው ቤት አጣ። ኮፐንሃገን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዳ እ.ኤ.አ. በ2024 የበጋ ወራቷ በብስክሌት ወይም በባቡር ለመጣ፣ ቆሻሻም ለለቀመ ጎብኚ ነፃ የጀልባ ጉዞና የሙዚየም ጉብኝት ሰጥታለች። እኛ ጋ ገና ሰው አልበዛም። የኛ ጥያቄ የመጣው ሰው ገንዘቡን የት ጥሎ ይሄዳል የሚለው ነው።

እንጦጦን ተመልከቱ። ምኒልክና ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ሳይወርዱ በፊት የከተሙበት ተራራ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ንጉሡ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው እንደነበር፣ ከተማዋን በቦታዋ ያስቀራትም ባሕር ዛፍ እንደሆነ ታሪክ ይነግረናል። ያንን ባሕር ዛፍ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ናቸው። የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ወደ ሽመና የገቡ አሉ፤ ነጠላና ፎጣ ይሸጣሉ። በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የሚያምር ነው፤ ልጆቼ ይወዱታል። ሆኖም ተሳፋሪዎቼ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ካፌው፣ ከካፌው ወደ መኪናው ሲመለሱ ሳይ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። አሁን በጉዞዬ ላይ ሁለት ማረፊያ እጨምራለሁ፤ አንዱ የሸማኔዎቹ ዘንድ ነው። ወደ መልካ ቁንጡሬ ስንሄድ ደግሞ ምሳ የሚበላው በመንደሩ ካለች አንዲት ሴት ቤት ነው፤ ቀድሜ ደውዬ እነግራታለሁ፣ በጾም ቀን ሽሮና ጎመን፣ በፍስክ ዶሮ ወጥ ትሠራለች፣ ሒሳቡን ተሳፋሪው በእጇ ይሰጣታል። መጀመሪያ ላይ "ምግቡ ንጹሕ ነው?" እያሉ የሚያንገራግሩ ነበሩ። አሁን ስልኳን ወስደው ያለ እኔ የሚሄዱ አሉ። ትንሽ ያናድዳል፣ ግን ይሁን። በሚኒባሱ የኋላ መቀመጫ ሥር ሃያ ሊትር የተጣራ ውሃ ይዤ እሄዳለሁ፤ በየሜዳው የወደቀው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲበዛ አላስችል ብሎኝ ነው።

ባለ ሥልጣን ብሆን ኖሮ በእያንዳንዱ የመግቢያ ትኬት ጀርባ ላይ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በብር እንዲጻፍ አደርግ ነበር። ይህን ያህል ለጥበቃ፣ ይህን ያህል ለቅርሱ ጥገና፣ ይህን ያህል ሽንት ቤቱን ለምታጸዳዋ ሴት። ሰው የሚከፍለውን ሲያውቅ ብዙ አያጉረመርምም። የምትጸዳዋም ቦታ ጠረኗ ይለወጣል።

ሽንት ቤት ካነሳሁ አይቀር፤ ዘወትር ከምመላለስባቸው ቦታዎች በአንዱ፣ ከብዙ ልመና በኋላ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ሽንት ቤት ተሠርቷል። በሩ ሰፊ ነው፣ የእጅ መደገፊያ ብረት አለው፣ ውሃም አለው። እቴቴ ገብተው መርምረውት "ይኼ ሰው የሠራው ነው" ብለው ፈርመዋል። ችግሩ ቁልፉ አንድ ብቻ ሆኖ ከዘበኛው ኪስ መሆኑ ነው። ዘበኛው ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ምሳ ይወጣል፤ ጎብኚ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ ቁልፍ እኔ በራሴ ገንዘብ ላስቀርጽ ብል "ንብረት ነው፣ ደብዳቤ ያስፈልጋል" ተባልኩ። ደብዳቤውን አስገብቻለሁ፤ አሁን የሚቀረው ማኅተም ነው።